ሃያ አንድ ዓመት የተመላለስኩበት የእግር መንገድ ተቆለፈ፤ ምን ይደረጋል?

የናቲ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ከነሳኝ ሦስት ሳምንት ሆነው።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ወደዚህ ቤት የገባነው በ2004 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከቤታችን ጀርባ፣ ተደርድረው የተሠሩት ቤቶች በሚያበቁበት ጥግ፣ ሁለት የቆሙ ድንጋዮች አሉ። በመካከላቸው ወፈር ያለ ሰው ጎኑን ካላዞረ አያልፍም። ከብት እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራ የድሮ መሹለኪያ ነው። ድንጋዮቹ ሻካራ ናቸው፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ግን እንደ ዘነዘና እጀታ ልሷል። ከሥራቸው የተነጠፈው ሰፊ ድንጋይ ደግሞ መካከሉ ስለጎደጎደ ዝናብ ሲጥል ውሃ ይቋጥራል። ናቲ ትንሽ ሳለ "የወፎች ሳህን" ይለው ነበር። ከዚያ ወዲያ የፈረስ ግጦሽ ነው። መንገዱ የግጦሹን ጥግ ይዞ፣ በጥቁር እንጆሪው ቁጥቋጦ ሥር ለሥር ሄዶ ከትምህርት ቤቱና ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ይወጣል። ስድስት ደቂቃ ነው። በዋናው መንገድ ሲዞሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም ግማሹ የእግረኛ መሄጃ የለውም።

ግጦሹ የአንድ አዛውንት ገበሬ ነበር። ዓምና አረፉ፤ ልጆቻቸውም ሸጡት። አዲሱ ባለቤት በዚህ ዓመት በመጋቢት፣ ማለትም መጋቢት 2025 ላይ፣ በድንጋዮቹ መካከል የብረት በር አስገጥሞ ቁልፍ አንጠለጠለበት፤ "የግል ይዞታ፤ የሕዝብ መተላለፊያ የለም" የሚል ሰሌዳም ሰቀለ።

ባለቤቴ "የሰው መሬት ነው፣ ምን እንላለን?" ይላል። እኔን ግን አልዋጥልኝ አለ። ሁለቱን ልጆቼን በየተራ አዝዬ፣ ከዚያ እጃቸውን ይዤ፣ ከዚያም "ከኋላችን ነይ፣ ጓደኞቻችን እንዳያዩሽ" እየተባልኩ ትምህርት ቤት ያደረስኳቸው በዚያ መንገድ ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ እኔ ከመምጣቴ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሄደውበታል። ሕዝብ ለረጅም ጊዜ በመመላለሱ ብቻ መንገዱ የሕዝብ ይሆናል የሚል ሕግ እዚህ አገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ዘንድ ብደውል "ካርታችን ላይ የለም" ብለው ዘጉት። አሁን አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ጎራው

እህቴ፣ ይህ ምን ጥያቄ አለው! በእኛ ቀዬ የእግር መንገድ ላይ ያጠረ ሰው በማግስቱ አጥሩን የሚያገኘው የሰው ምድጃ ውስጥ ነው። የብረት መቁረጫ ከዕቃ መሸጫ ገዝተሽ ቁልፉን በጥሺው፤ ጎረቤቶችሽን አስከትለሽ እለፊ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው ሲተራመስበት ያየ ባለመሬት ራሱ ይተወዋል። ካውንስል ለካውንስል ስትንከራተቺ ልጆችሽ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ።

ጡረተኛው ፖስተኛ

ልጄ፣ በመጀመሪያ መቁረጫውን ለጎራው መልሺለት። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

በዚህ አገር ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድያለሁ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ በእኛ ሰፈር ከቦዩ ዳር ወደ መቃብር ቦታው የሚወስደው መንገድ ተዘጋና፣ ከአሥራ ዘጠኝ ጎረቤቶች ጋር ስከራከር ሕጉን ሳልወድ በግዴ ተማርኩት። አሸንፈናል። የፈጀው ግን አምስት ዓመት ከሰባት ወር ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ እንዳትጣደፊ ነው። ጎራው ስለ ዩኒቨርሲቲው የተናገረው ብቻ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

የሰማሽው ሕግ አለ። የ1980 የአውራ ጎዳናዎች ሕግ አንቀጽ 31 ይባላል። ሕዝብ አንድን መንገድ እንደ መብቱ ሳይቋረጥ ሙሉ 20 ዓመት ከተመላለሰበት፣ ባለመሬቱ መንገዱን ለሕዝብ እንደሰጠ ይቆጠራል፤ መስጠት አለመፈለጉን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ካለ ግን ይቀራል። የሃያ ዓመቱ ነገር ከ1932ቱ የመተላለፊያ መንገዶች ሕግ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የማንቸስተርና የአካባቢዋ ወጣት ሠራተኞች ኪንደር ስካውት በሚባለው ተራራ ላይ ለአደን የተከለለ መሬት ውስጥ በጅምላ ገብተው፣ አምስቱ ታስረዋል። ሰው ሁሉ ሕጉን ያመጡት እነርሱ ይመስለዋል፤ ረቂቁ ግን ከእነርሱ በፊት ለዓመታት ፓርላማ ሲመላለስ የኖረ ነው።

ሃያ ዓመቱ የሚቆጠረው ወደ ኋላ ነው፤ መነሻውም መብቱ ጥያቄ ላይ የወደቀበት ቀን ነው። በአንቺ ጉዳይ በሩ የተቆለፈበት ቀን መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመጋቢት 2025 እስከ መጋቢት 2005 ያለውን ትሸፍናላችሁ። አንቺ በ2004 ስለገባሽ ብቻሽን ሙሉውን ትይዥዋለሽ፤ ግን የአንድ ሰው እግር ሕዝብ አያሰኝም። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ሃያ መሙላት የለባቸውም። አንዱ ስምንት ዓመት፣ ሌላዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሄደው እንደ ሰሌን እየተጠላለፈ ዘመኑን ይሸፍነዋል።

አሁን "እንደ መብቱ" የምትለዋን ስሚኝ፤ ሙግቱ ሁሉ የሚያልቀው እዚያች ላይ ነው። የሄድሽው በኃይል መሆን የለበትም፤ በስውር መሆን የለበትም፤ በፈቃድም መሆን የለበትም። በኃይል ማለት አጥር መስበር፣ ቁልፍ መበጠስ፣ ክልከላ የተለጠፈበትን እየጣሱ መሄድ ነው። መቁረጫውን ያስመለስኩሽ ለዚህ ነው፤ ሃያ ዓመትሽ ንጹሕ ሆኖ ከተጠናቀቀ በኋላ ንብረት በማበላሸት ተከሰሽ እንዳትገኚ። በስውር የሚባለው በጨለማ እየተሹለከለኩ ማለፍ ነው፤ አንቺን አይመለከትም።

ሦስተኛው ነው እኛን ሐበሾቹን የሚያጠፋን። ባለመሬቱን አስፈቅዶ የሚያልፍ ሰው በፈቃድ ሄደ እንጂ በመብት አልሄደም ይባላል። ሃምሳ ዓመት ቢመላለስ አንዲት ቀን አትቆጠርለትም። እኛ ደግሞ በሰው ደጅ ስናልፍ ሳናስፈቅድ አይሆንልንም! በዚህ ሕግ ፊት ጨዋው ይከስራል፣ ዝም ብሎ ያለፈው ይረታል። ባለመሬቱ እያየ ዝም ማለቱ ግን ፈቃድ አይደለም። ከትራክተሩ ላይ ሆኖ እጁን ማውለብለቡም አይደለም።

ካውንስሉ የነገረሽ እውነቱን ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው እንጂ። በየካውንስሉ "ዴፊኒቲቭ ማፕ" የሚባል ሕጋዊ የመንገድ ካርታ አለ። ከ1949 ሕግ ጀምሮ የሚያዝ ነው። እዚያ ላይ የተሠመረ መንገድ ያለ ክርክር የሕዝብ ነው። ያልተሠመረው ግን የለም ማለት አይደለም፤ ገና አልተመዘገበም ማለት ሊሆን ይችላል። ከመጽሐፍ መደብር የሚገዛውን የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ይዘሽ እንዳትከራከሪ። በእርሱ ላይ በ1፡25,000 መጠን የሕዝብ መንገድ በአረንጓዴ ሰረዝ ነው የሚታየው፤ የእናንተ በጥቁር ከሆነ "እዚህ ቦታ ላይ የእግር ዱካ አለ" ከማለት አያልፍም። ካርታው ራሱ፣ መንገድ ማሳየቴ የመተላለፍ መብት መኖሩን አያረጋግጥም ብሎ ጽፏል።

ነገ ጠዋት የምታደርጊው ይህን ነው። ካውንስሉ ውስጥ የመተላለፊያ መንገዶች ክፍል ብለሽ ጠይቂ፤ ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ ሁሉ ይህን አያውቅም። አዛውንቱ ገበሬ በአንቀጽ 31 ንዑስ 6 መሠረት ካርታና መግለጫ አስገብተው እንደሆነ ከመዝገቡ ያዩልሽ። ባለመሬት "እነዚህን መንገዶች ለሕዝብ አልሰጠሁም" ብሎ እዚያ ማስመዝገብ ይችላል። እርሳቸው ለምሳሌ በ2010 አስመዝግበው ከሆነ ሃያ ዓመቱ የሚቆጠረው ከ2010 ወደ 1990 ነውና የአንቺ ምስክርነት አብዛኛው ውሃ ይበላዋል፤ ተስፋሽ በአሮጌዎቹ ጎረቤቶች ላይ ይሆናል። አንዳንድ ባለመሬት ደግሞ በዓመት አንድ ቀን በሩን ይቆልፋል፤ መቆለፉን ሰው እንዲያየው አድርጎ። ትዝ የሚልሽ ካለ አትደብቂ።

መዝገቡ ባዶ ከሆነ በ1981ዱ የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ መሠረት ካርታው እንዲታረም ታመለክቻለሽ። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። መንገዱ የተሠመረበት ካርታ፣ የተመላላሾቹ የምስክርነት ቅጾች፣ ለባለመሬቱም ማሳወቂያ መላክሽን የሚገልጽ ወረቀት ይያያዛል። ቅጹን እያንዳንዱ ሰው በራሱ እጅና በራሱ ቃል ይሙላ። እኛ አንዷ ጎረቤት ለሁሉም ጽፋላቸው አሥራ ዘጠኙም ቅጽ "ደስ የሚል የእግር ጉዞ" የሚል ሆኖ ተገኘ፤ ጉዳዩን የሰማው የመንግሥት መርማሪ ፈገግ ሲል አየሁት፣ እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። "ሁልጊዜ እሄዳለሁ" አይባልም። በሳምንት ስንት ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ለምን፣ በመንገድ ማንን ታገኙ ነበር፣ ስፋቱ ስንት ነበር፣ በር ወይም ሰሌዳ ነበረ ወይ፣ ይህ ነው የሚፈለገው። የአዛውንቱ ሠራተኛ ወይም ተከራይ የነበረ ሰው ካለ ለብቻው አስቀምጪው፤ እርሱ የሚያልፈው በቤተኛነት ነው ይሉታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብሽን ሳይሰብረው አይቀርም። ዋናው መንገድ ለልጆች አደገኛ ነው፣ የእግረኛ መሄጃ የለውም ያልሽውን ማመልከቻው ውስጥ ብታስገቢው ለፍሬ አይበቃም። አስፈላጊነት፣ ምቾት፣ ደኅንነት አይታይም። የሚጠየቀው መብቱ ተፈጥሯል ወይስ አልተፈጠረም ብቻ ነው። እኔም ስሰማ ተናድጃለሁ። ኋላ ሳስበው ግን ለእኛም የሚጠቅም ነው፤ ባለመሬቱም "ለፈረሶቼ አይመቸኝም" ቢል የሚሰማው የለም።

ካውንስሉ በ12 ወር ውስጥ ካልወሰነ ለሚኒስትሩ አመልክተሽ የጊዜ ገደብ እንዲጣልበት ማድረግ ይቻላል። ከተቀበለው ትእዛዝ አውጥቶ ያስለጥፋል፤ ቢያንስ 42 ቀን ለተቃዋሚ ይሰጣል። ተቃውሞ ከመጣ ከመንግሥት የተላከ መርማሪ በሰፈር አዳራሽ ውስጥ ይሰማችኋል፤ የባለመሬቱ ጠበቃም አንድ በአንድ ይጠይቃችኋል።

ጠበቃ ከአራት ኪሎ

ስለ እንግሊዝ ሕግ ፖስተኛው ከበቂ በላይ ተናግረዋል። "በእኛ ቀዬ ቢሆን" ስለተባለ ብቻ ልግባ።

በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ 3። ግለሰብ ያለው ይዞታ ነው። ስለዚህ ባለመሬቱ ለሕዝብ እንደሰጠ ይቆጠራል የሚለው አነጋገር እንዳለ አይተረጎምም። በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው "መውጫ መግቢያ ተዘጋብኝ" የሚለው ነገር ነው፤ የሚያዘውም አብዛኛውን ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 በሁከት ይወገድልኝ ክስ ነው። ይህ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። ሰዎቻችን የሚሸነፉት ሕግ አጥተው አይደለም። ሽማግሌ ይላካል፣ ፋሲካ ይለፍ ይባላል፣ አዝመራ ይሰብሰብ ይባላል፣ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ሲሆን እኔ ቢሮ ይመጣሉ። ባለፈው ሰኞም አንድ አባት እንዲሁ መጥተው ነበር፤ በእጃቸው የያዙት የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ ሦስት ገጽ ነው፣ ቀኑ ግን አልፏል።

አጥሩን በሌሊት ማገዶ ያደረገውን ሰው ደግሞ ጎራው ይንገሩን እንጂ፣ እኔ የማውቀው ኋላ ተከሳሽ ሆኖ ሲመጣ ነው።

የናቲ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ ፖስተኛው፣ ለጠበቃውም እንዲሁ። ያጻፉኝን ሁሉ ደብተር ላይ አስፍሬያለሁ። ግን ሦስተኛውን ነገር ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ፤ እኛ አስፈቅደናል።

በ2011 ሁለተኛዋን ልጄን ስወልድ አማቴ ሊያርሱኝ ከደብረ ማርቆስ መጡ። በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ናቲን ልናደርስ በዚያ መንገድ ስንወጣ "የማን መሬት ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ታዲያ በሰው ደጅ እንደ ፍየል ዝም ብለሽ ነው ሰባት ዓመት ያለፍሽው?" ብለው ተቆጡኝ። ቅዳሜ ድፎ ጋግረው፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከእኔ ጋር ወጡ። አዛውንቱ ገበሬ ውሻቸውን ይዘው ከድንጋዮቹ አጠገብ ቆመው ነበር። "በደጅዎ እንድናልፍ ይፍቀዱልን በይልኝ" አሉኝ፤ ተረጎምኩላቸው።

ሰውዬው ዳቦውን አዩ፣ አማቴን አዩ፣ ከዚያ በትራቸው ያንን የጎደጎደውን ድንጋይ ሁለት ጊዜ ቆረቆሩትና፦ "ይህን ድንጋይ እኔ አልቦረቦርኩትም፤ አባቴም አልቦረቦረውም። ስለ መንገዱ እኔን አትጠይቁኝ" አሉ። ዳቦውን ግን ተቀበሉ። በማግስቱ ጨርቁን አጥበውና አጣጥፈው በራችን ላይ ትተውልን ሄዱ።

ጋሼ፣ መንገዱን በእጃችን ገደልነው ማለት ነው?

ጎራው

ምን ያስጨንቅሻል? ሰውዬው አርፈዋል፣ አማትሽ ደብረ ማርቆስ ናቸው፣ ዳቦው ተበልቷል። ቅጹ ላይ አትጻፊው። ማን ያውቃል?

ጡረተኛው ፖስተኛ

ጎራው፣ ዛሬስ መቁረጫው ይሻል ነበር። ቅጹ "ፈቃድ ጠይቀው ያውቃሉ? ተሰጥቶዎት ያውቃል?" ብሎ በግልጽ ይጠይቃል፤ መጨረሻው ላይም እውነት ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ። አንድ ውሸት ከተገኘ የአንቺ ብቻ ሳይሆን የአሥራ ምናምን ሰው ቅጽ ይጠረጠራል።

ደግሞስ ምን ያስደብቃል? ልጄ፣ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ጠየቃችሁ እንጂ መቼ ፈቀዱላችሁ? "እለፉ" ቢሉ ኖሮ ፈቃድ ነበር፤ እርሳቸው ያሉት "የምሰጠው የለኝም" ነው። ባለመሬቱ ራሱ፣ በመሬቱ ላይ ቆሞ፣ መንገዱ ከእኔና ከአባቴ በፊት የነበረ ነው ማለቱ እኮ ነው! እኛ አምስት ዓመት ስንሟገት እንዲህ ያለ ቃል ብናገኝ አዳራሹ ውስጥ እስክስታ እወርድ ነበር።

በ2007 የጎድማንቼስተር ጉዳይ የሚባል ነበር። የሎርዶች ምክር ቤት፣ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እርሱ ሳለ፣ ባለመሬት በልቡ ወይም በመሳቢያው ውስጥ ይዞት የኖረው ሐሳብ አይበቃም፤ ለሚያልፈው ሕዝብ የታየና የተነገረ መሆን አለበት ብሎ ወሰነ። ስለዚህ የአዛውንቱ ልጆች ዛሬ "አባታችን በውስጡ አይፈልግም ነበር" ቢሉ፣ ለእናንተ በአደባባይ የተናገረው የድንጋዩን ነገር ነው። ከዚያ በፊት በ1999 ደግሞ በሰኒንግዌል ጉዳይ፣ ተመላላሹ በልቡ መብት አለኝ ብሎ ማመን አለማመኑ አይመረመርም ተብሏል። ስለዚህ አማትሽ የሰው ደጅ ነው ብለው ማሰባቸው አይጎዳችሁም። ይግባኝ የሌለው ክፉ ነገር ቢሆን እንኳን፣ ማለትም ፈቃድ ነው ቢባል፣ የሚወድቀው የሁለታችሁ እግር ነው፤ ሳይጠይቁ ያለፉት ጎረቤቶችሽ ባሉበት ይቆማሉ።

እንደሆነው አድርገሽ ጻፊው፤ መጠየቃችሁንም፣ መልሱንም፣ ዳቦውንም። አታሳምሪው።

የናቲ እናት

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ትንሽ ወሬ አለኝ።

መዝገቡ ባዶ ነው፤ አዛውንቱ ምንም አላስገቡም። አሥራ ስድስት ቅጽ ሰብስቤያለሁ። አንዷ ልጅ እዚያ ግጦሽ ላይ ፈረስ ስትንከባከብ ደመወዝ ይከፈላት እንደነበር ነገረችኝ፤ እርስዎ እንዳሉት የእርሷን ለብቻው አስቀመጥኩት። ከሦስተኛው ቤት ያሉት እናት በ1963 ሙሽራ ሆነው እንደመጡ ጽፈዋል። "ፈቃድ ጠይቀው ያውቃሉ?" በሚለው ሥር ያሰፈሩት አንድ ቃል ነው፦ "ማንን?" ፎቶም አገኘሁ። ናቲ በበረዶ፣ ቀይ ቦት ጫማ አድርጎ፣ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ቆሟል፤ ቀኑ ከጀርባው ታትሟል፣ የካቲት 2009።

ማመልከቻውን ካስገባሁ በኋላ አዲሱ ባለቤት በሬን አንኳኳ። እንዳሰብኩት ክፉ ሰው አይደለም። ሥጋቱ ሰዎች ውሻ ለቀው ፈረሶቹን እንዳያስበረግጉበት ነው። ሻይ አፈላሁለት። ሲወጣ ከኪሱ አንድ ቁልፍ አውጥቶ "ለአንቺና ለልጆችሽ ነው፤ ስትፈልጊ እለፊ፣ ለሌሎቹ ግን አትስጪ" አለኝ። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እጄ ተዘርግቶ ነበር። የዚያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ልጄም በዋናው መንገድ ዳር በስብሳ ነው የገባችው። ግን ያ ቁልፍ ፈቃድ ነው። በቀኝ እጄ የብስኩት ሳህን አንሥቼ አቀረብኩለት እንጂ ቁልፉን አልተቀበልኩትም። ያልገባው መሰለኝ፤ ብስኩቱን ወስዶ ሄደ።

አሁን አንድ ችግር አለ። አማቴ ነገሩን በስልክ ሰምተው "የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልመስክር" ብለው ሙጭጭ አሉ። ካውንስሉ ምስክርነት በሌላ ቋንቋ ከሆነ ከትርጉሙ ጋር ላኩ ብሎኛል። እኔ ምራታቸውም አመልካቿም ነኝ፤ እኔው ብተረጉመው ነገ ጠበቃው ምን እንደሚል ይታወቃል። ከዚህ ቤት ዘመድ ያልሆነ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይኖራል?

ሆሳዕና

እህቴ፣ እኔ ሊድስ ነው የምኖረው፤ የፍርድ ቤትና የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። ለዚህ አላስከፍልዎትም፤ የአማትዎን ስልክ በግል መልእክት ይላኩልኝ። ቃላቸውን በአማርኛ እንደተናገሩት እጽፈዋለሁ፣ አንብቤላቸው ይፈርማሉ፣ ትርጉሙን ከሥሩ አደርጋለሁ።

ከመደወሌ በፊት ግን አንድ ነገር። አማትዎ እንግሊዝኛ አይሰሙም ብዬ እገምታለሁ። እንዲያ ከሆነ "አልቦረቦርኩትም" የሚለውን የሰሙት ከገበሬው አፍ ሳይሆን ከእርስዎ አፍ ነው። ያንን እንደ ራሳቸው ምስክርነት ብጽፈው ጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄው እርሱ ይሆናል፤ ተገቢም ነው። ስለዚህ ቃሉን እርስዎ በራስዎ ቅጽ ይጻፉት፤ እርሳቸው ያዩትን ይናገሩ፦ ዳቦውን፣ በትሩ ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ሲመታ፣ ጨርቁ ታጥቦ መመለሱን። ጨርቁ አሁንም ካለ ይዘው ይቆዩልኝ። ለአማትዎ የምደውለው በእርሳቸው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ቀን ብቻ ይንገሩኝ።